ባለ ሰባት እግሩ ስፒና

«ሽቦውን የቆረጠው ራሱ ነው። የፈይፋን ተራራ መውጣት ሰልችቶታል» አለ የባባ ወንድም። እኔ የሻይ ትሪ ይዤ የእንግዳ ክፍሉ በር ላይ ደርሻለሁ፤ እግሬ ባለበት ቀረ። ባባ የምንለው አሠሪያችንን አቡ ማጂድን ነው። ሽቦ ቆረጠ የተባለው ደግሞ የቤቱ ሾፌር ጌታቸው፣ የእናቴ ልጅ፣ ታናሽ ወንድሜ። «ኧረ እሱ እንዲህ አያደርግም» የሚል ቃል ከባባ አፍ ጠበቅኩ። አራት ዓመት ያገለገለው ሰው ነው፤ አንዲት ቃል ምን አላት? አልመጣችም። «ዛሬ ፍየሎቹን ከዒዳቢ ገበያ ያምጣልኝ» አለ ባባ፣ «እሑድ ኹሩጅ ኒሃኢውን እጨርስለታለሁ። ኸላስ።» ኹሩጅ ኒሃኢ ማለት ሻንጣህን ይዘህ ወደ አገርህ ግባ፣ መመለስ የለም ማለት ነው። ጂዛን የሚኖር ሐበሻ ሌላ አረብኛ ባያውቅ ይቺን ያውቃል።

ገብቼ ሻዩን ቀዳሁ። ኤሲው ያጉረመርማል፣ ትራሶቹ ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል፣ ትናንት ያጠብኩት ምንጣፍ ገና እርጥበቱ አልወጣለትም፤ የዚህ ከተማ አየር መች ነገር ያደርቃል! የባባ ወንድም ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመረና «አላህ ይባርክሽ ኢታፈራሁ» አለኝ። ሰውዬው ክፉ አፍ የለውም። ወንድሜን ከአገር እያባረረ እኔን ይመርቃል። ስድስት ዓመት ሙሉ አረብኛ እንደምሰማ ያውቃል፤ ለእሱ ግን ሠራተኛ ፊት ማውራት ግድግዳ ፊት ማውራት ነው። ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወጣሁ።

ነገሩ የሆነው ማክሰኞ ነው። ጌታቸው በፒክአፑ ተሳቢውን ጎትቶ፣ አሥራ አራት ፍየል ጭኖ ከፈይፋ ሲወርድ ከሰዓት በኋላ ጭጋግ ወረደ። የዚያን ተራራ ጭጋግ ያየ ያውቀዋል፤ የገዛ እጅህን ይሰውርብሃል። የተሳቢው የኋላ መብራት ጠፋ። ከኋላ የመጣ መኪና ፍሬን ቢይዝም ደረሰበት፤ የተሳቢውን ጥግ መታው። ሰው አልተጎዳም፣ እግዜር ይመስገን፤ ሁለት ፍየሎች ግን እግራቸው ተሰብሮ እዚያው መንገድ ዳር ታረዱ። የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ መብራቱን ሲሞክረው ጭራሽ የለም። ጌታቸው ወርዶ ስፒናውን ነቅነቅ ሲያደርገው ብልጭ አለ፤ ወዲያው ድርግም። ስፒናው ከተሳቢው በሚመጣው ገመድ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ሰባት እግር ነው፤ ፒክአፑ ሶኬት ውስጥ ይሰካል፣ የፍሬኑንም የፍሬቻውንም መብራት የሚያስተላልፈው እሱ ነው። «ስነቀንቀው ይበራል፣ ስተወው ይጠፋል» ብሎ ለባባ ነገረው። በእሱ ስብርባሪ አረብኛ ሲነገር ግን የሕፃን ሰበብ ይመስላል። ከበዓሉ በፊት ደግሞ «የፈይፋውን መንገድ ሌላ ሰው ቢሄድልኝ» ብሎ አንድ ቀን ከአፉ አምልጦት ነበር። ይቺን ይዘው ነው የፈረዱበት።

ጓዳውን ጥዬ ወደ በሩ ክፍል ሄድኩ። ጌታቸው የሚያድርባት ክፍል የውሃ መግፊያው ሞተር ያለባት ናት፤ አልጋዋን ከሞተሩ የሚለየው አንድ ክንድ ያህል ነው። ግድግዳው በጨው አብቧል። ሸሚዙ ሚስማር ላይ፣ ጫማው አልጋው ሥር፣ እሱ አልጋው ጫፍ ላይ። ከማክሰኞ ወዲህ ያወራኝ ቃል ቢቆጠር የአንድ እጅ ጣት አይሞላም። እኛ ቤት ዝምታ የወንዶች ርስት ነው፤ አባታችንም እንደዚሁ ነበር፤ ንግግሩን ሁሉ ለእኔ ትተውልኛል።

«እሑድ ሊያስወጣህ ነው» አልኩት። ሳላለሳልስ።

«ሰምቻለሁ እትዬ።»

«ሰምተህ ትቀመጣለህ?»

«ምን ላድርግ? ነገርኩት፤ አላመነኝም።»

«ሲነግሩት ያላመነ ሲያዩት ያምናል። ተነሥ። አዲስ ስፒና እንገዛለን፤ እዚሁ ግቢ ባባ ፊት እናበራዋለን። አሮጌውን ደግሞ ፈተን ሽቦው እንዳልተቆረጠ እናሳየዋለን። ያላ!»

ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ከወጥ ቤት ወጥቼ ሰናዒያ፣ መኪና የሚጠገንበት ሠፈር፣ ልሄድ? ሳቅ ሊመጣው ነበር መሰለኝ፤ ዋጠው። የባባን እናት ሐጃን ለማስፈቀድ ገባሁ። የምጦራት እኔ ነኝ፤ ጉልበቷን የማሸውም፣ መድኃኒቷን የማጎርሳትም። «ሐጃ፣ ከጌታቸው ጋር ሱቅ ደርሼ ልምጣ» አልኳት። «የዙህር ምሳዬስ?» አለች። «ሠርቼ ከድኜዋለሁ» አልኩ። «እንግዲያማ ሂጂ፤ ምን ትጠይቂኛለሽ» አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ከወገቧ በቀር ይህን ቤት የሚያስጨንቃት ነገር የለም፤ ቀናሁባት።

ተሳቢውን እንደጎተትን ሄድን። ጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሙቀቱ ፊት ላይ እርጥብ ጨርቅ እንደ መጣል ነው። ሰናዒያ ውስጥ አህመዲን የሚባል የመኪና መብራት ሠራተኛ አለ፤ የወሎ ልጅ፣ የኮምቦልቻ፣ ከአንድ የመናዊ ጋር የሚሠራ። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ገና ከመኪናው ስወርድ «እንዴ፣ ዛሬስ ሾፌሩ ሌላ ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። መቀለጃ ቀን አልነበረም፤ ሆኖም ሳቅኩለት። ሥራህን የያዘ ሰው ሲቀልድብህ መሳቅ ነው። የማክሰኞውን አደጋ ነገርኩት። ስፒናውን ከሶኬቱ ለመንቀል ሁለት እጅ ፈጀበት፤ የሙጫ ያህል ተጣብቋል። ከነቀለው በኋላ ክዳኑን ፈቶ ሰባቱን እግሮች በጣቱ አበሳቸው፣ ጣቱንም አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ።

«ሽቦው ደህና ነው፤ ማንም አልቆረጠውም» አለ። «የገደለው ዘይት ነው። አንድ ሰው ዘይት ቀብቶታል። ወላሂ፣ አንድ ቀን አይደለም፤ ወራት። ዘይቱ አቧራ ይይዛል፣ በሙቀቱ ይረጋል፣ መጨረሻው ሙጫ ነው። መብራቱ በምን በኩል ይለፍ? ይህንን የቀባ ሰው ነው ፍየሎቹን የገደለው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የቀባሁት እኔ ነኝ። ከበጋው ጀምሮ በየሐሙሱ፣ ግቢ ስጠርግ፣ ከሐጃ የሰሊጥ ዘይት ትንሽ በጨርቅ ጠብ አድርጌ እግሮቹን አንድ በአንድ አሽ ነበር። የዚህ አገር ሰው ሰሊጥ ዘይት ያልቀባው ነገር የለም፤ ጉልበቱን፣ ጠጉሩን፣ የበር ማጠፊያውን። እኔም እቤቴ ያየሁት ይኸው ነው። አባታችን ጠመንጃውንም ማረሻውንም በቅባት ያሽ ነበር፤ «ብረት ቅባት ከጠገበ ዝገት አይደፍረውም» ይል ነበር። እዚህ የባሕሩ አየር መቀሱን፣ ቁልፉን፣ የጋኑን ክዳን ሁሉ በዝገት ሲበላ አየሁ። የጌታቸው ነገር ደግሞ ሁሌ ያስጨንቀኛል፤ ያን ገደል ሲወጣና ሲወርድ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ምን ላደርግለት እችላለሁ? ይቺን አደረግሁለት። አልነገርኩትም፤ ነገር መንገር ለማይወድ ሰው ምን ይነገራል። የወንድሜን መብራት በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ጌታቸው ስፒናውን ከአህመዲን ተቀበለ። ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። መልሶ ሰጠውና «አዲሱን አሳየን» አለ እንጂ ወደ እኔ አልዞረም። አላወቀም አልኩ። ሆድ ይፍጀው፣ መጀመሪያ መብራቱ ይብራ።

አህመዲን ሦስት ዓይነት አውጥቶ ባንኮው ላይ ደረደረ። የመጀመሪያው ቀላል ፕላስቲክ ነው፣ አሥራ አምስት ሪያል። በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ገባ ወጣ አለ። ሰገነት ላይ የማሰጣበት የፕላስቲክ ባልዲ በአንድ በጋ እንዴት እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁና ገፋሁት። ሁለተኛው ብረት ነው፣ ሠላሳ አምስት ሪያል፤ ያብረቀርቃል። ጌታቸው እሱን አንስቶ መዘነው፣ «ይኼ ነው የወንድ» አለ። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ ነገር ወድዶ ሲናገር ስሰማው የመጀመሪያው ነው። አህመዲንም ደገፈው፤ ብረቱ አስፋልት ላይ ቢወድቅ፣ ጎማ ቢሄድበት አይሰበርም አለ። «የባሕሩ አየርስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ራሱን አከከ። «እሱ ላይ ክዳኑ ይነክሳል፤ ከዓመት በኋላ በመዶሻ ነው የምትከፍቺው» አለ። ብሎን የሚለቅምባት ማግኔት ባንኮው ጫፍ ላይ ነበረች። አነሳሁና ከብረቱ ስፒና እግሮች አስጠጋኋት። ጥብቅ አለች።

አህመዲን ሳቀ። «ይቺ ከየት ተማረች?»

«ድስት ስገዛ» አልኩት። «የማይዝገው ድስት ነው ብለው ስንቱን ዝገታም ሸጠውልኛል። እነዚህ እግሮች ነሐስ የተቀቡ ብረት ናቸው። ውስጣቸው ይዝጋል።»

ሦስተኛው ጥቁር ነው፣ ደብዛዛ፣ ለዓይን የሚሆን ነገር የሌለው፤ ስልሳ ሪያል። እሱም ፕላስቲክ ነው፤ ግን ጫን ስለው ንቅንቅ አላለም። ስድስት ዓመት እሳት ላይ የኖረውን የፕሬዥር ድስቴን እጀታ አስታወሰኝ። ማግኔቷን አስጠጋሁ፤ እግሮቹ ድፍን ነሐስ ናቸው፣ አልያዘችም። ክዳኑን ከፍቼ ለቀቅኩት፤ ሞላው ጥርቅም አድርጎ መለሰው። ከሥሩ የጎማ ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ደርቆ እንደሆነ በጥፍሬ ሞከርኩት፤ ያለ ጤነኛ ጎማ ፕሬዥርም አያበስልም። ገመዱ የሚገባበት በኩል ደግሞ ተጠምዝዞ የሚያንቅ ነገር አለው፤ ገመዱ ቢጎተት ጉልበቱ በሽቦዎቹ ላይ እንዳያርፍ ነው አለ አህመዲን። «ጎመን በጤና፤ ይኼን ስጠን» አልኩ። ጌታቸው ብረቱን እያዘነ አስቀመጠው። አህመዲን ሶኬቱም አብሮ ይቀየር አለ፤ እሱም ውስጡ በዘይት ረግቷል፤ አዲስ ስፒና የታመመ ሶኬት ውስጥ ብንሰካ በወሩ መመለሳችን ነው። ተቀየረ። ከጉርሻዬ ያጠራቀምኳትን ከመቀነቴ ፈትቼ ከፈልኩ፤ ጌታቸው ኪሱን ሲዳብስ በዓይኔ አስቆምኩት።

ሲገጥመው አጠገቡ ቆሜ አየሁ። የጠቆረውን ሽቦ ቀይ መዳቡ እስኪታይ ቆርጦ ጣለ፣ ሰባቱንም በየቀለማቸው አሰረ፣ ብሎኖቹን አጠበቀ። በመጨረሻ ከትንሽ ቱቦ ነጭ ቅባት አወጣና በጣም በጥቂቱ አስነካቸው። «ይኼም ቅባት አይደለም እንዴ?» አልኩ። «ይኼ ለመብራት የተሠራ ነው፤ አይረጋም። የወጥ ቤት ዘይት ሌላ፣ ይኼ ሌላ» አለ፣ ምንም ሳይጠረጥር። ተሳቢው ሲፈታ ስፒናውን መሬት እንዳንጥለው፣ አፉን ወደ ታች አድርገን እንድንሰቅለው መከረን። አሮጌውን በፌስታል ጠቅልዬ ያዝኩ።

ወደ ቤት ተመለስን። እኔ የማስበው አንድ ነገር ነው። ሽቦው እንዳልተቆረጠ ባባ ያያል፤ ጥሩ። ከዚያስ? ዘይቱን ያያል። «ስፒናው በማን እጅ ነው?» ይላል። በሾፌሩ። ወንድሙ ደግሞ «ባይቆርጠውም አበላሸው» ይላል፤ ኹሩጁ አይቀርም። እኔ ዝም ካልኩ ጌታቸው ሄደ ማለት ነው። ከተናገርኩ ደግሞ የምሄደው እኔ ነኝ። እናታችን የምትኖረው ሁለታችን በምንልከው ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ሌላው ምክንያቴ ይበልጣል፦ ባላደረገው ነገር አጎንብሶ እንዲወጣ አልፈልግም። ቆርጬ ነው የተነሣሁት፤ ካፈርኩ አይመልሰኝ። «ጌታቸው…» ብዬ ጀመርኩ። «ውሃ ልግዛ» አለና ነዳጅ ማደያ ጋ ቆመ። ቆየ። በመስተዋቱ ሳየው ስልክ ያወራል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ። ሲመለስ ውሃውን አቀበለኝና መኪናውን አስነሣ። የጀመርኩትም ቃል ሆዴ ቀረ።

ባባና ወንድሙ ግቢው ጥላ ሥር ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። ከመኪናው ወርጄ ቀጥታ ሄድኩ። ፌስታሉን ፈታሁ፣ አሮጌውን ስፒና ባባ እጅ ላይ አኖርኩ።

«ባባ፣ ሽቦው አልተቆረጠም። ዘይት ነው ያበላሸው። ዘይቱን የቀባሁት እኔ ነኝ። ጌታቸው አያውቅም። ለማስወጣት ካሰብክ እኔን አስወጣ።»

ባባ አየኝ፤ ከዚያ ከኋላዬ የቆመውን ጌታቸውን አየ። «ቅድም ደውሎልኝ እኮ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ የቀባሁት አለኝ። የሞተር ዘይት ቀባሁት አለኝ።»

ዞርኩ። ጌታቸው መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰናዒያ ስፒናውን ሲያሸት አውቆታል። የእጄን የሰሊጥ ሽታ አውቆታል። ዝም ያለው፣ መንገድ ላይ የቆመው፣ ሁሉ ለእኔ ነው። ተናደድኩ፤ በጥፊ ብለው ደስ ባለኝ።

ባባ ስፒናውን አሸተተ። የጂዛን ሰው ነው፤ የሰሊጥ ዘይት አይጠፋውም። ፊቱ ጠቆረ። «ይኼ የሞተር ዘይት አይደለም» አለ። «ዋሸኸኝ።»

እውነቱን ተናግሬ ወንድሜን ውሸታም አደረግሁት። «አላልኩህም?» አለ የባባ ወንድም፣ ብርጭቆውን እያስቀመጠ። «አንዱ ያበላሻል፣ አንዱ ይዋሻል። ሁለቱንም አስወጣቸው።»

ባባ እሱን አላየውም። «ጌታቸው» አለ፣ «ነገ ሌላ ነገር ብጠይቅህ እውነቱን ትነግረኛለህ?»

ጌታቸው አሰበ። አረብኛው ትንሽ ስለሆነ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ ነው የመለሰው። «እሷ ከሌለችበት እነግርሃለሁ ባባ። እሷ ካለችበት እዋሻለሁ።»

ባባ ስፒናውን በእጁ አገላበጠው። ቆይቶ ወደ ወንድሙ ዞረ። ቁጣ የለውም፤ ሰው እንዲያው ሊያውቅ ፈልጎ እንደሚጠይቀው ነው የጠየቀው።

«አንተስ? ለእኔ ብለህ ትዋሽ ነበር?»

ሰውዬው አፉን ከፈተ። ስልኩን አነሳ፣ አየው፣ መልሶ ኪሱ ከተተ። ባባ ተነሥቶ ልብሱን አራገፈና ወደ ተሳቢው ኋላ ሄደ። «ግባ» አለው ጌታቸውን፣ «ፍሬን ያዝ።» ጌታቸው ገብቶ ያዘ። «በራ» አለ ባባ። «ግራ። በራ። ቀኝ። በራ።» አንዱንም ሳይዘልል ቆሞ አየ። አዲሱን ስፒና በእጁ ነቀነቀው፤ መብራቱ አልጠፋም። «ያላ፣ ፍየሎቹ ይጠብቁሃል» አለ። «እሑድ የምናስወጣው ሰው የለም። አንቺም ከእንግዲህ ዘይትሽን ለሐጃ ጉልበት አድርጊው።» ወንድሙን ወንበሩ ላይ ትቶት ወደ ቤት ገባ።

ወደ መኪናው መስኮት ሄድኩ። እንባዬ መንገድ ለመንገድ ይወርዳል፤ አላበስኩትም። «ሁለተኛ እንዲህ ብትዋሽልኝ አልምርህም፤ ሰምተሃል?» አልኩት።

«አንቺም ሁለተኛ ልትቀቢልኝ ስታስቢ ንገሪኝ እትዬ» አለ። ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ብረቱን ነበር መግዛት» ብሎኝ ከግቢው በር ነድቶ ወጣ።